ተቀመጡ ያልኩ ቀን

እኔ ጸጉር ሠሪ ነኝ። ቡራዩ ውስጥ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ሁለት መስታወትና ሦስት ወንበር ያላት ቤት አለችኝ። ሴት ልጅ ፊቷን ቀብታ አስመስላ ልትመጣ ትችላለች፤ ጭንቅላቷ ግን ጣቴ ሥር ከገባ በኋላ ብዙም አይደብቀኝም። እንቅልፍ ያጣችውን፣ በቅርብ የወለደችውን፣ የታመመችውን ጸጉሯ ይነግረኛል። የገዛ እህቴን ጭንቅላት ዓመት ሙሉ ሳልነካ መቅረቴ ትዝ ሲለኝ ታዲያ፣ እኔን ብሎ ባለሙያ እላለሁ።

እህቴ ዱርሲቱ ትባላለች። እሷን ባታውቋት ባሏን ታውቁታላችሁ፤ ሚልኬሳ። አዎ፣ ዘፋኙ። በሱ ዘፈን ያልጨፈረ ሰው ካለ እጁን ያውጣ፤ እኔም ጨፍሬያለሁ፣ ምን ያስዋሸኛል። የሱሉልታ ልጅ ነው። በኦሮምኛም ዘፈነ በአማርኛ፣ ድምፁ አንጀት ውስጥ ነው የሚገባው። እሷን ሊያገባ ፉሪ አባታችን ቤት የመጣ ጊዜ፣ የመኪናው ሰልፍ ከደጃችን እስከ አስፋልቱ ደርሶ ነበር። አባቴ ኦቦ ዲሪርሳ ገበሬ ነው፤ መሬቱ በቤት ተከቦ ሊያልቅ ትንሽ የቀረው ገበሬ። ያን ቀን ልጁን ለንጉሥ የዳረ መስሎት ነበር። እኔ እንደሆነ አላገባሁም፤ አርባ ልሞላ ነው፤ ለዚህም ሰው ስንት ነገር ይለኛል።

ከዚያ ዱርሲቱ ዊግ ማድረግ ጀመረች። ነይ ልሥራሽ ስላት ጊዜ የለኝም፣ ፕሮግራም አለብን ትለኛለች። እኔም ደንበኞቼ ፊት ኮራ ብዬ፣ የታዋቂ ሰው ሚስት እኮ ናት፣ እኔ ጋ ምን ታደርጋለች እላለሁ። ጅል አፍ!

ባለፈው ዓመት በሁዳዴ፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ የአራት ዓመት ልጇን አቤኒን አዝላ መጣች። ከሱሉልታ ቡራዩ ድረስ ሦስት ታክሲ ቀያይራ፣ በቤት ነጠላ ጫማ። ደንበኞቼን ይቅርታ ጠይቄ አስወጣሁና ሻሿን ፈታሁት። ከቀኝ ጆሮዋ ኋላ የመዳፌን ያህል ቦታ ጸጉር የለውም። የተቆረጠም፣ በበሽታ የረገፈም አይደለም፤ የተነቀለ ነው። ገሚሱ ድኖ አዲስ ጸጉር ማብቀል ጀምሯል፣ ገሚሱ ገና ቁስል ነው። ይኸ ማለት አንድ ቀን አይደለም ማለት ነው። ክንዷን ላነሳላት ስል ጎኗን ይዛ ቃተተች። ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እቴቴ፣ ካንቺ ሌላ የምሄድበት የለኝም።»

በነጋታው ሐኪም ጋ ወሰድኳት፤ ሁለት የጎን አጥንቷ ተሰንጥቋል ብሎ ወረቀት ጻፈልን። ወረቀቱን ይዘን ሱሉልታ ሄድንና ከሰስን። አንዲት ፖሊስ፣ እናቷን ይማርላትና፣ ሳትቸኩል ሳትቆጣ ቁጭ ብላ አዳመጠቻት። የአምስት ዓመቱን ጉድ እኔም ያን ቀን ነው የሰማሁት። ለሰው እናገራለሁ ስትለው ምን ይላት እንደነበር ታውቃላችሁ? «ሂጂ ንገሪ። የምትነግሪው ሰው ስልክ ውስጥ የኔ ዘፈን አለ።»

ታሰረ፤ ከዚያ በዋስ ተለቀቀ። ወሬው ግን ወጣ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ አገሩ ሁሉ የእኛ ነበር። ቲክቶክ ላይ የማያወግዘው የለም፣ የፋሲካ ኮንሰርቱ ተሰረዘ። ከቤቴ ፊት ለፊት የፍራሽ ማስታወቂያ ላይ ተጋድሞ የሚስቅበት ትልቅ ፎቶ ነበር፤ እሱንም መሰላል ይዘው መጥተው አወረዱት። የሰው ጎን የሰበረ ሰው ለጎን የሚመች ፍራሽ ሲያስተዋውቅ የከረመው ሳያንስ! ሲያወርዱት ደጄ ቆሜ ጨርሰው እስኪሄዱ አየሁ። በዕድሜዬ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በአሥረኛው ቀን እናቱን አጠገቡ አስቀምጦ አልቅሶ ቪዲዮ ለቀቀ። ሰይጣን ነው ያሳሳተኝ አለ። ሰይጣን ምስኪን፣ ጠበቃ ስለሌለው ያልተጫነበት ነገር የለም። ከዚያ አንድ የቴሌቪዥን ሰውዬ ክራቫቱን አጥብቆ፣ ግለሰቡንና ሙያውን ለይተን ማየት አለብን አለ። ይህችን ቃል አገሩ ሁሉ እንደ ጸሎት ያዛት። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጸጉራቸውን የምሠራቸው ሴቶች ሳይቀሩ፣ ግለሰቡና ሙያው ይሉኛል። አንዷ ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል አለችኝ፤ ሌላዋ ታዋቂ ሰው ጭንቀት አለበት አለችኝ። አብራኝ የምትሠራው ጂጂ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ዱርሲቱን ከኔ ጋር እያጠበች ያለቀሰችው ጂጂ፣ ሻይ እየጠጣን ሳለ ቀስ ብላ ዘፈኑ ግን ምን አጠፋ አለች። አልተቆጣኋትም። ዘፈኑ ምንም አላጠፋም አልኳት። ያጠፋው እጅ ነው፤ ያን እጅ ግን ዝም ብላችሁ አታፏጩለት፤ ፉጨታችሁን ሰምቶ ነው ቤቱ ገብቶ ማንም አይነካኝም የሚላት።

ጎረቤቴ ራዲያ ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ነገር አታሽሞነሙንም። «እኛ ገበያ» አለች፣ «አንድ ነጋዴ ሜትር አጉድሎ ከተያዘ፣ ልጁ እንኳ ሱቅ ቢከፍት ሰው አይገባለትም። አጥንት ለሰበረው ደግሞ ተሰልፈው ቲኬት ይቆርጡለታል። ይኸ ምን ዓይነት ገበያ ነው?»

ግንቦት መጨረሻ ላይ ሽማግሌ ተላከብን። ዱርሲቱና አቤኒ ያኔ ፉሪ አባቴ ጋ ነበሩ፤ እኔም እሑድ እሑድ ቤቴን ዘግቼ እሄድ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የዞረው በሷ ነው። እኛ ጋ ሽማግሌ ሲመጣ አይቀመጥም። እርጥብ ሣር በእጁ ይዞ ደጅ ይቆማል። የመጣበት ጉዳይ እሺ እስኪባል እህልም ውሃም አይቀምስም። ከቤቱ ሰው አንዱ ተቀመጡ ካለ፣ እሺ ብሏል፤ በቃ፣ ታርቋል ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። እኔም በሚገባ አውቃለሁ።

ሰባት ሆነው መጡ። መሪያቸው የጫንጮው ኦቦ ሊቤ ነው፤ ሰማንያ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ። ድሮ አባቴ ከጎረቤቱ ጋር በድንበር ተጣልቶ ነገሩ ወደ ደም ሲሄድ፣ በመሀል ገብቶ ያስታረቀው እሱ ነው። አባቴ በሱ ስም ይምላል። አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደራችሁ ተባባሉና ቆሙ። አባቴ ነገሩ ሕግ ጋ ነው ብሎ አንገቱን ደፋ። እስከ እኩለ ቀን ቆመው ሄዱ። በሁለተኛው እሑድ ቄሱን ጨምረው መጡ፤ አሁንም ቆመው ሄዱ። የዚያን ለት አባቴ ጓሮ ጠራኝ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ወርቅቱ» አለኝ፣ «ሊቤን እምቢ የምልበት አቅሜ ሁለት እሑድ ብቻ ነበር። በሚቀጥለው እኔ አፌን እዘጋለሁ፤ አንቺ ቁሚላት። ብቻ እንዳይቀመጡ።»

እኔን ነው እንግዲህ ያመነኝ።

ሦስተኛው እሑድ ሰኔ ገብቶ ነበር፤ ከጠዋቱ ጀምሮ ይዘንባል። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ሣራቸውን ይዘው ደጃፋችን ቆሙ። አባቴ በሩ ሥር ቁጭ ብሎ መሬት መሬት ያያል። እኔ የበሩ መድረክ ላይ ቆሜ እመልሳለሁ። እሱ ከወደቀ ሙዚቀኛው፣ ተወዛዋዡ፣ ሾፌሩ፣ አርባ ቤተሰብ አብሮ ይወድቃል አሉኝ። ሲመታት አርባውን ቤተሰብ ማሰብ የነበረበት እሱ ነው አልኩ። ለመንደሩ የቧንቧ ውሃ አስገብቷል አሉ። እህቴ ውሃ አልጠየቀችውም አልኩ። ልጅቷ ያለ አባት ታድጋለች አሉ። ያለ እናት ከምታድግ ይሻላል አልኩ። ስሙ የሱ ብቻ አይደለም፣ የአገር ስም ነው፣ አገር ታዋርጃለሽ አሉኝ። የአገር ስም ከሆነ ዱላውንም አገር ይካፈለው፣ ለምን ዱርሲቱ ብቻዋን አልኩ። ወይ ምላሴ! እንዴት ኮርቼ ነበር መሰላችሁ። ዱርሲቱ ከመጋረጃው ኋላ ሆና እያንዳንዱን ቃል ትሰማለች፤ ለሷ ነበር የምናገረው።

ስድስት ሰዓት አለፈ። ዝናቡ ባሰበት። ኦቦ ሊቤ መሀል ላይ ቆሟል፤ ጋቢው ርሶ ገላው ላይ ተለጥፏል። መጀመሪያ ከዘራው ጭቃው ላይ ተንሸራተተ፤ ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ። ከንፈሩ ጠቆረ። አጠገቡ ያሉት ሽማግሌዎች አልደገፉትም፤ ወይ አላዩትም፣ ወይ ደግሞ አይተውታል። አንጀቴን በላኝ። ሽማግሌ ዓይኔ እያየ ዝናብ ውስጥ ሲወድቅ ዝም እንድል አይደለም ያሳደጉኝ። በሩ ሥር የነበረውን በርጩማ ብድግ አደረግሁና፦

«አባባ፣ ኧረ ይቀመጡ፣ ሊወድቁብኝ ነው!» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ገባኝ፤ መልሼ ልውጠው ብችል ከነምላሴ እውጠው ነበር። ኦቦ ሊቤ ቀና ብሎ አየኝና ቀስ ብሎ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ሣሩን ደጃፋችን ላይ አኖረ። የቀሩትም ድንጋዩ ላይም፣ የረጠበው ግንድ ላይም፣ ያገኙት ቦታ ተቀመጡ። ኦቦ ሊቤ በኦሮምኛ መረቀ፤ እነሱም ሃ ታኡ፣ ሃ ታኡ፣ ይሁን ይሁን እያሉ ተቀበሉት። እኔ እጮሃለሁ። እንዳይወድቁ ብዬ ነው፣ ለዕርቅ አላልኩም፣ እግዜር ያውቃል እላለሁ። ማን ይስማኝ። ምርቃት በጩኸት አይቋረጥም። አባቴ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ቃል ወጣ ልጄ፣ ከቤታችን ቃል ወጣ ይላል።

በሳምንቱ ኦቦ ሊቤን ጫንጮ ገበያ በሬ ሲነዳ አየነው ያሉኝ ሰዎች አሉ፤ ቀጥ ብሎ፣ ያለ ከዘራ። ይሁን። ምናልባት ያን ለት እውነት ደክሞት ይሆናል። ምናልባትም ብልሃት ነው። ለእህቴ ያው ነው። እኔም ብሆን ማንን ልርገም? ያልኩት እኔ ነኝ።

ዱርሲቱ ከመጋረጃው ኋላ ስትወጣ የአቤኒን ልብስ በፌስታል ይዛለች። አልቅሼ ለመንኳት። የተናገርኩት እኔ እንጂ አንቺ አይደለሽ፣ እምቢ በይ አልኳት። እምቢ ብትል አባታችን ከሰው ፊት እንደማይቆም ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ። ተቆጥታኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አቅፋኝ ጆሮዬ ሥር፦ «አይዞሽ እቴቴ። ደግሞ ከነካኝ ያንቺ ቤት አለ አይደል? እመጣለሁ» አለችኝ። በሬ ላንቺ አይቆለፍም ብዬ ማልኩላት። ከዚያ በኋላ ሌት ከቀን የማስበው ይኸን አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ያቺ በር ክፍት ትሁንላት። ባሏ ተፈራ፣ ተከበረ፣ የፈለገውን ይሁን፤ እሷ የምትሮጥበት አንድ ቤት ይኑራት።

ዐቃቤ ሕጉ ግን የሰውነት ጉዳት በሽማግሌ አይዘጋም ብሎ ክሱን ቀጠለ። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ለምስክርነት ተጠራን። እውነቱን ልናገር፣ ተስፋ አደረግሁ። ዳኛ ፊት ሽማግሌ የለም፣ ሣር የለም፣ እሷ የሆነችውን ትናገራለች፣ ያልቃል አልኩ።

መጀመሪያ እኔ ገባሁ። ያየሁትን ተናገርኩ። የሱ ጠበቃ ፈገግ ብሎ ሐኪም ነሽ ወይ አለኝ። ጸጉር ሠሪ ነኝ አልኩ። እሱን ነው የጠየቅሁት ብሎ ተቀመጠ። ቀጥላ ዱርሲቱ ገባች። አዲስ ቀሚስ፣ አዲስ ዊግ። እኔ ወዳለሁበት አላየችም። ከደረጃ ወድቄ ነው አለች። ታዲያ ፖሊስ ጋ የሰጠሽው ቃልስ ሲላት ዐቃቤ ሕጉ፣ እጇን እያፍተለተለች፦

«እህቴ ናት ያስባለችኝ» አለች። «ባል አላገባችም። በኔ ቀንታ ነው።»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏችኋል ይኸ ነው። የተናገረችው በራሷ ቃል እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ። ዱርሲቱ ባል አላገባሽም ብላኝ አታውቅም፤ አፏም እንደዚያ ያለ ነገር አያወጣም። ማን እንዳስጠናት፣ ስንት ቀን እንዳስጠናት እግዜር ይወቅ። አልተቀየምኳትም። እኔ የደነገጥኩት በሌላ ነው። እሱ ክሱን ብቻ ቢፈልግ ከደረጃ ወደቅሁ ማለቷ ይበቃው ነበር። ቀናችብኝ ያስባላት፣ ነገ ከነገ ወዲያ የቀናችባት እህቷ ቤት ልትሸሽ ስለማትችል ነው። አንዷን በሯን በገዛ አፏ አዘጋት።

ጉዳቱ ደርሷል፣ ያደረሰው ማን እንደሆነ ግን አልተረጋገጠም ተባለና በነጻ ተለቀቀ። ውጭ የጠበቀው ሰው ብዛት! ፉጨት፣ እልልታ፣ ስልክ ሁሉ ወደ ላይ። አንዷ ደሞ ምቀኛ ብላ ምራቋን ተፋችብኝ። እሱ ሰዉን ከፍሎ ወደ እኔ መጣና ዝቅ ብሎ ትከሻዬን ሳመ። የሚስቴ እህት እህቴ ናት፣ እኔ ይቅር ብያታለሁ አለ፣ ሁሉም ሰው እንዲሰማ። ያቺን ቪዲዮ በሁለት ቀን ሚሊዮን ሰው አያት። ተመልከቱ ትሕትናውን ይላል ከሥሯ የተጻፈው። የፍራሹም ፎቶ ተመልሶ ተሰቀለ፤ አሁን ደግሞ ዱርሲቱና አቤኒ ከጎኑ ተጋድመዋል። ኤጭ!

ከዚያ ወዲያ እህቴን አላገኘኋትም። ስልኳን ስደውል እሱ ያነሳል። ትሕትናው! አደ ወርቅቱ እንዴት ነሽ፣ ተኝታለች፣ ስትነሳ እነግራታለሁ። ሁሌ ተኝታለች። ሱሉልታ ድረስ ሄጄ በሩን አንኳኳሁ፤ ዘበኛው እንዳላስገባ ታዝዣለሁ አለኝ፣ እሱም አፍሮ። ነሐሴ ውስጥ ራዲያ ዘመድ ልትጠይቅ ሱሉልታ ሄዳ ነበርና ስትመለስ ሱቋን ሳትከፍት ቀጥታ እኔ ጋ ገባች። ዱርሲቱን ገበያ ላይ አየኋት አለችኝ። በዚያ ደመና ጥቁር መነጽር አድርጋለች። አንድ እጇ ጎኗ ላይ ነው፣ የያዘችው ሁለት ሽንኩርት ነው፣ እሱም ከብዷታል። ሰላም ስላት ሸሸችኝ አለች።

አባቴ በዚያው ሰሞን መልእክት አስያዘልኝ። አማቹ ለሽማግሌዎቹ ነግሯቸዋል፦ ወርቅቱ ስሜን አጥፍታለች፤ ስሜን ያጠፋችው በሰው ፊት ነው፣ በሰው ፊት ይቅርታ ትጠይቀኝ፤ ከዚያ ዱርሲቱ ወደ እህቷም ወደ አባቷም ቤት ትመላለሳለች። ካልሆነ ግን ሁለቱንም ደጅ አትረግጥም።

ሦስት ሳምንት አሰብኩበት። ራዲያ አታድርጊው አለችኝ። አንቺ ይቅርታ ከጠየቅሽ ከእንግዲህ ማንም ሴት ተነስታ ተመታሁ ብትል የሚያምናት የለም፣ የወርቅቱን አየን እኮ ይሏታል አለችኝ። እውነቷን ነው። ይኸን ሁሉ ወር ከደንበኞቼ ጋር ስከራከር የከረምኩበት ነገር ነው። እንደነሱ ያለውን ከፍ ከፍ አታድርጉ፣ ስማቸው ነው ዱላቸው ስል የከረምኩት እኔ ነኝ። ግን የራዲያ እህት አይደለችም ሁለት ሽንኩርት የከበዳት። ለማላውቃት ሴት ብዬ የማውቃትን ልተዋት? ሰው ይፍረደኝ።

ጥቅምት ላይ ሱሉልታ ሜዳው ላይ ትልቅ ኮንሰርት አዘጋጀ፤ ስሙንም የዕርቅ ኮንሰርት አሉት። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ሰዉ ግን ከጫንጮም ከሰበታም፣ ከየት ከየትም መጥቷል። በዘፈንና በዘፈን መሀል ጠሩኝ። መድረኩ ላይ ወጣሁ። ማይኩን ሲሰጠኝ በሁለት እጄ ያዝኩት። ከፊት መደዳ ዱርሲቱ ተቀምጣለች፣ አቤኒ ጭኗ ላይ ናት። እኔ የማየው እሷን ብቻ ነው።

«ተሳስቼ ነበር» አልኩ። «ሚልኬሳ፣ ይቅር በለኝ።»

ሜዳው በፉጨት ተናጋ። እንዲያ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ለኔ አልነበረም ፉጨቱ፤ ለሱ ነው። አቀፈኝ። እጁ ማጅራቴ ላይ አረፈና ጠበቅ አደረገኝ፤ እህቴ በየቀኑ የምትኖረው ከዚህ እጅ ጋር ነው አልኩ በልቤ። ሰዉ ያለቅሳል። ዱርሲቱም ከሰዉ ጋር አጨበጨበች። አፈርኩ። እስከ ዛሬ አፍራለሁ፣ መስታወት ፊት መቆም ሥራዬ ሆኖ ሳለ ራሴን ማየት አስጠልቶኛል። ያን ለት ግን ከመድረኩ ስወርድ ለራሴ ግድ የለም አልኩ፣ እኔ ልዋረድ፣ ሰዉም ይሳቅብኝ። ቤቴን መልሼ ገዝቼላታለሁ።

ቃሉን ጠበቀ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዱርሲቱ መጣች። እሱም አብሯት መጣ።

መኪናው በሬ ላይ ሲቆም መንገዱ ተዘጋ። ተማሪው፣ ጫማ አሳማሪው፣ የታክሲ ረዳቱ፣ ሁሉም ስልኩን ይዞ ወረደ። ደንበኞቼ ቢጎዲን እንደጠቀለሉ ተነስተው ፎቶ አብረውት ተነሱ። ጂጂም ተነሳች፤ ቀይ ሆና፣ እኔን ሰረቅ አድርጋ እያየች። ራዲያ ብቻ የሱቋን መዝጊያ ስትስበው ድምፁ ተሰማኝ። እሱ ገባና በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ሳልለው ተቀመጠ። አቤኒን ጭኑ ላይ አደረጋት። ዱርሲቱ መሀል ተቀመጠች።

ሦስት ሰዓት ያህል ቆዩ። እሱ ይጫወታል፣ ሰዉን ያስቃል፣ እውነቱን ለመናገር ጨዋታ ያውቃል። እኔ አንድ አፍታ፣ የአንዲት ቃል ያህል ጊዜ ከእህቴ ጋር ብቻዬን ልሁን ብዬ ጓዳ ነይ ፎጣ አቀብይኝ አልኳት። ብድግ ስትል እሱም ብድግ አለና ፎጣውን ራሱ አመጣልኝ። አጠገቧ ቆሜ እጇን ያዝኩ። ቀዝቃዛ ነው። ምንም ሳልጠይቃት፣ ከንፈሬን እንኳ ሳልከፍት፣ «ደህና ነኝ እቴቴ» አለች፣ እሱ እንዲሰማ ጮክ ብላ።

ሊሄዱ ሲሉ አቤኒን ሳምኳት። እሱ በሩ መሀል ቆሞ ቤቴን ከላይ እስከ ታች አየው፤ በሩን፣ ጓዳውን፣ ወደ ጓሮ የሚያስወጣውን ትንሿን በር።

«ጥሩ ቤት ናት» አለኝ። «ከእንግዲህ የኔም ቤት ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን እንመጣለን።»

ዱርሲቱ መኪናው ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች።